ሪማ የነካችው

ኖቬምበር 12

ዛሬ ዘበኛውን በባልዲ መታሁት። ባዶ ባልዲ ነው፤ ሲያወሩት ግን ድንጋይ የሞላበት አስመስለውታል። ጥፋቱ የገዛ ራሱ ነው። መሣሪያችንን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ ሂሊየም የጫነው መኪና በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል፣ እሱ ተቀምጦ የሱፍ አበባ ፍሬ ይፈለፍላል። «የምክትል ዳይሬክተሩ ፊርማ የለውም» ይለኛል። ሂሊየም እኮ ድንች አይደለም፣ ቆሞ በዋለ ቁጥር በኖ ያልቃል። «ወንድሜ፣ ክፈት» አልኩት። «ልጅህ ይደግልህ፣ ክፈት» አልኩት። ቅርፊቱን ጫማዬ ላይ ተፋው። ከዚያ በኋላ ያለውን ባልዲው ይናገር።

ጆሮው ትንሽ ተሰንጥቋል። ለአንድ ጆሮ ያን ያህል ደም ምን ያደርግለታል!

ቬኒያሚን ላዛሬቪች አስጠሩኝ። የምርምር ክፍላችን ኃላፊ ናቸው፣ ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ዝንብ እንኳ ይቅርታ ጠይቀው ነው የሚያባርሩት። «ሪማ፣ ልጄ» አሉኝ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «እጅሽን ኪስሽ ውስጥ አኑሪው። ሰውዬው ሰበብ ነው የሚፈልገው፤ አንቺ ደግሞ በባልዲ እየቀዳሽ ትሰጪዋለሽ።»

ሰውዬው ማለት ምክትል ዳይሬክተሩ ነው። ምድር ቤት ያለውን ክፍላችንን ለሶፋ ነጋዴ ሊያከራይ ቋምጧል። በፌብሩዋሪ ሥራችንን የሚመረምር ኮሚሽን ይመጣል። መሣሪያችን የብርሃን ቅንጣት አንድ በአንድ ሲቆጥር ካዩ ክፍሉ ይጸናልናል። ካላዩ እኛ እንበተናለን፣ ክፍሉም ሶፋ ይደረደርበታል። እኔ ከተማሪነቴ ጀምሮ እዚያ ነው ያረጀሁት። ሌላ ቦታ ማን ይችለኛል?

ኖቬምበር 20

ቲኾን አዲሱን ቺፕ ይዞ መጣ። ቺፑን የሚሠራው እሱ ነው፣ የምለካው እኔ። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

«ሪምካ፣ ልጄን ድሬልሻለሁ» አለኝ ሳጥኑን እየሰጠኝ። «አደራ፣ አማት እንዳትሆኚባት።»

«አንተ የታመመ ልጅ እየወለድክ አማት ታማለህ?»

«ቀጭን ናት እንጂ በሽተኛ አይደለችም።»

ቀጭንስ ናት። ቺፑ ላይ ያለው ሽቦ ከጸጉር በብዙ መቶ እጥፍ ይቀጥናል፤ እንደ አንጀት ተጣጥፎ ተኝቷል። ጋን ብለን የምንጠራው ትልቁ የብረት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ሂሊየሙ መሃል ሲገባ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች ድካም ይፈስበታል። አንዲት የብርሃን ቅንጣት ስትመታው እዚያች ቦታ ላይ ለቅጽበት ይሸነፋል፤ ቆጣሪው ጠቅ ይላል፤ ሽቦውም መልሶ ደህና ይሆናል። ተመትቶ ወዲያው ደህና የሚሆን ነገር ከዚህ ሌላ አላውቅም።

የሚፈራው ከሰው ጣት የምትዘለዋን ብልጭታ ነው፤ በደረቅ ክረምት ልብስ ሲፋተግ የምትንጣጣዋን። ለሰው ምንም አይደለችም፣ ለሽቦው መብረቅ ናት። ስለዚህ ቺፑን የሚነካ ሁሉ እጁ ላይ አምባር ያስራል፤ አምባሩ በገመድ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ተያይዟል፣ ብልጭታው በዚያ በኩል እንዲወርድ። ቲኾን በዚህ ጉዳይ ቄስ ነው። ገና በሩን ስከፍት «አምባር!» ይላል። እኔ መታሰር አልወድም።

«ሰንሰለት የምታስርልኝ ውሻ ነኝ እንዴ?» አልኩት።

«ውሻ ብትሆኚማ ምን ነበረበት» አለኝ። «ውሻ ከመንከሱ በፊት ይጮኻል።»

ሳቅኩ። ከሰው ሁሉ እሱ ብቻ ነው እንዲህ ተናግሮኝ በሰላም የሚሄደው።

ኖቬምበር 28

ቧንቧ ፈነዳ ብለው የምድር ቤቱን ሙቀት ዘጉብን። የት አባቱ ፈነዳ! ምክትሉ ነው፤ በብርድ ሊያስወጣን። እናቴ ከኦረንቡርግ የላከችልኝን የፍየል ጸጉር ሹራብ አውጥቼ ለበስኩ፤ ከላይ የሥራ ካፖርቱን ደረብኩበት። ስንቀሳቀስ ይንጣጣል።

ጠዋት ልጄን ታሲያን ጉንጯን ነካ ሳደርጋት ብልጭ አለባት። «እማዬ፣ አቃጠልሽኝ!» ብላ ሳቀች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስትስቅ ሕፃን ናት። ማታ ግን ስለ ፈተናው አንድ ነገር ጠየቅኳት፣ በአባቷ አፍ መለሰችልኝ። ያንን አፍ ለቅቄ የመጣሁት እሱን ልስማ ብዬ አይደለም። በኋላ በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩላት። ጥርሷ እንደሆን ድሮም ይነቃነቅ ነበር።

ዲሴምበር 4

ሞተ። ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ጋኑ ውስጥ ለማስገባት ስይዘው ሞተ። ሽቦው ተበጥሷል።

ቲኾን የደከመ ቺፕ ነው የሰጠኝ። አምባሩን አስረሽ ነበር ወይ ይለኛል። ቸኩዬ ነበር፤ ሂሊየሙ ይበናል፣ ምክትሉ በራችን ላይ ቆሞ በሜትር ይለካል፣ እኔ አምባር ላስር! አምባር ሞትን የሚያስቀር ይመስል።

ዲሴምበር 13

ምሳ ቤት ውስጥ ከጀርባዬ ሰማሁ። ዘበኛው ነው፤ ጆሮው ላይ ፕላስተር ለጥፏል። «ሪማ የነካችው አይበረክትም» አለ። የመስታወት መሥሪያ ክፍሉ ሰዎች አሽካኩ። አንዷ «የመጀመሪያው ባሏስ!» ብላ ጨመረች። ሁለተኛ እንዳገባሁ አላውቅም ነበር።

ቦርሹ፣ ያ የቀይ ሥር ሾርባ፣ ከሳህኔ ተነሥቶ ዘበኛው ጭን ላይ እንዴት እንደደረሰ ይጠይቁት። ትኩስ ነበር። ሲጮኽ ሰው ሁሉ ተነሣ። ትሪዬን መልሼ ወጣሁ።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። አባባሉ የዘበኛ አባባል አይደለም። የቺፑን መሞት የምናውቀው እኔ፣ ቬኒያሚን ላዛሬቪችና ቲኾን ነን። ቬኒያሚን ላዛሬቪች ሰው አያሙም። እንግዲህ ቀሪውን መቁጠር ከባድ አይደለም።

አሁን ተኝቼ የማየው ሶፋ ነው። አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ባለ አበባ። ጋኔ በቆመበት።

ዲሴምበር 24

ቆጠረ! እሰይ! እሰይ!

ቲኾን ሁለት መንትያ ቺፖች ሠርቶ መጣ። አንዷን ሳጥኑ ውስጥ ለክፉ ቀን አስቀመጠ፤ ሌላዋን አብረን አስገባናት። አምባሩን ራሱ አሰረልኝ፤ ደስ ብሎኝ ስለነበር ዝም አልኩት። ብርሃኑን ሊጠፋ ምንም እስከማይቀረው ድረስ አወረድነው። ጠቅ። ዝም። ጠቅ ጠቅ። ብርሃኑን ስንዘጋው ጸጥ፣ ስንከፍተው ጠቅ። ቬኒያሚን ላዛሬቪች ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ቲኾን ወገቤን ይዞ አነሣኝ። ያ ድብ! ጋኑን ዞረን ጨፈርን። «ሪምካ፣ አንቺ ክፉ ሴት፣ ልጄን አኖርሽልኝ!» ይላል። ለዚህ ሰው ነው ክፉ ያሰብኩት? እንዴት ያለሁ ነገረኛ ነኝ።

ዲሴምበር 31

አዲሱን ዓመት በዋዜማው ክፍላችን ውስጥ፣ ካፖርት ለብሰን ተቀበልን። የቲኾን ሚስት ክላቭዲያ ሄሪንግ ከሚባለው ዓሣ የሠራችውን ሰላጣ ይዛ መጣች። የትራም፣ የከተማው ባቡር፣ ነጂ ናት፣ ክንዷ እንደ ወንድ ክንድ ነው፣ እጅ ስትጨብጥ ታሳምማለች። ታሲያም መጣች፤ ቲኾን የጎደለ ጥርሷን አይቶ «ምን ሆነሽ?» አላት። «ደረጃ ላይ ወደቅኩ» አለችው። እሱ ወደ እኔ ተመለከተ። ብርጭቆውን አንሥቶ ነበር፣ መልሶ አስቀመጠው።

በሰው ቤት ጉዳይ ገብቶ የልጅ ጥርስ የሚቆጥር ምን ይባላል?

ጃንዋሪ 11

ቺፗ ሞተች። ቲኾንን መታሁት። በጥፊ ነው። ደሙ ብዙ ነው። አምቡላንሱ ዘገየ።

ጃንዋሪ 11፣ በኋላ

እንደሆነው ልጻፈው፤ ሌሎች እንዳልሆነው ማውራታቸው አይቀርም።

ጠዋት የምክትሉ ሰዎች ሶፋ ተሸክመው መጡ። ኮሚሽኑ ሳይመጣ! «ለጊዜው ኮሪደሩ ላይ ይቀመጥ ተብሏል» ይላሉ። በራችን ላይ አስቀመጡት። ቢላ አምጥቼ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቅኩላቸው። አንደኛው ግድግዳ ላይ አጋጨኝ፣ እጁን ነከስኩት፣ አጥንቱ ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። ቬኒያሚን ላዛሬቪች «ጓዶች፣ ጓዶች» ይላሉ እጃቸውን አንሥተው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም! ሰዎቹ እየተሳደቡ ሄዱ፣ ሶፋው አንጀቱ ተዘርግፎ ቀረ።

ግድግዳው ሲናወጥ ጋኑም ተናውጧል፣ ቺፗ ደህና መሆኗን ካላየሁ መቀመጥ አልቻልኩም። ብሎኖቹን ፈታሁ፣ አወጣኋት፣ ነካኋት። ጣቴ ላይ ጭል ያለች ነገር ነበረች፣ ይህን ያህል አይደለችም። ስለካት ሽቦው ተበጥሷል።

ያን ጊዜ ቲኾን ገባ። ፊቴን አይቶ ገባው።

«አምባሩን አስረሽ ነበር?»

«አስሬ ነበር።»

«ሪምካ፣ አምባሩ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል።»

«አውልቄ ሰቅዬው ነው! ልጅህ በሽተኛ ናት፣ ሥራህ ውሃ የማያነሣ ነው፣ ይሄ ነው ነገሩ!»

ድምፁን አላነሣም። ቢያነሣ ይሻለኝ ነበር። «ሥራዬ ደህና ነው» አለ። «ሁለቱንም የገደልሻቸው አንቺ ነሽ። ያቺ ልጅም ደረጃ ላይ አልወደቀችም። ሰዎቹ እውነታቸውን ነው፤ አንቺ የነካሽው አይበረክትም።»

ይኸው! ከማን አፍ እንደወጣ አውቄው ነበር አላልኩም?

እጄ ቀደመኝ። በጥፊ ነው ያልኩት። ብሎን ስፈታ ስለነበር እጄ ባዶ ነበር አልልም፤ በዚያ ሰዓት ምን እንደያዝኩ ማን ያስታውሳል። አልወደቀም። ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ። በጣቶቹ መሃል ደም ይፈሳል። «ኧረ ሪምካ» አለ፣ «ኧረ ምን አደረግሽ።» እንደ ሕፃን ነው ያለው።

መፍቻውን አጥቤ ቦታው መልሼዋለሁ። የሥራ ዕቃ በንጽሕና መያዝ አለበት።

ጃንዋሪ 13

ዓይን ሆስፒታል ሄድኩ። ቲኾን ፊቱ ተጠቅልሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል። «ቲኾን» አልኩት። መንቀሳቀሱን አይቻለሁ፣ እንቅልፍ አልወሰደውም። አልመለሰልኝም።

ክላቭዲያ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። መንደሪን የሞላ ከረጢት ይዛ ነበር።

«በምን መታሽው?»

«በጥፊ ነው፣ ክላቫ። ተናደን ነበር፣ ሁለታችንም...»

«ጥፊ አጥንት ይሰብራል? የዓይኑ ጉድጓድ አጥንት ተሰብሯል ነው የሚሉኝ። ጥፊ ነው? እስቲ ጥፊ ምን እንደሚመስል ላሳይሽ!»

አሳየችኝ። ትራም የሚያቆም እጅ ነው። ከንፈሬ ተተረተረ፤ በከረጢቱ ደገመችኝ፣ መንደሪኑ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ በሽተኞቹ ከየክፍላቸው ብቅ ብቅ አሉ። አንዲት ነርስ «እዚህ አይደለም፣ ውጭ!» እያለች ትጮኻለች። ውጭ ይቻላል ማለት ነው።

እጄን አላነሣሁም። ይህን ማንም አይጽፍልኝም፣ እኔው ልጻፈው። እጄን አላነሣሁባትም።

ጃንዋሪ 16

ፖሊስ መጣ። ወጣት ነው፣ ጉንፋን ይዞታል። ከንፈሬን አየ፣ አልጠየቀኝም።

«ቲኾን ጋቭሪሎቪች ግቢው ውስጥ በረዶ አንሸራትቷቸው ከብረት አጥሩ ጋር ተጋጩ። ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። ያዩት ነገር አለ?»

«ሲያንሸራትታቸው አላየሁም» አልኩ። አላየሁምም።

ፖሊሱ ሲወጣ ተቀመጥኩ። ቬኒያሚን ላዛሬቪች መነጽራቸውን እየወለወሉ ነበር። መወልወሉን አላቆሙም።

«ለአንቺ ብሎ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። «ጋኑን ከአንቺ በቀር የሚያውቀው የለም። አንቺ ከታሰርሽ ኮሚሽኑ የሚያየው የለውም። ክፍሉ እስኪተርፍ ነው ያለኝ። ደግሞም አንድ ነገር ነገረኝ።»

«ምን?»

«ስትመቺው እዚያ ቆሜ ዝም ብዬ በማየቴ እኔንም ይቅር እንደማይለኝ።»

ሽማግሌው አለቀሱ። እኔ ምን ልበላቸው? በንዴት መሃል ዳኛ የለም። እኔስ አልተመታሁም? ከንፈሬ እስካሁን ሾርባ አያስገባም።

ጃንዋሪ 25

ታሲያ ሄደች። ቱላ፣ አባቷ ዘንድ።

ጠረጴዛ ላይ ካሻ፣ የእህል ገንፎ፣ እየበላን ነበር። «ቲኾን አጎቴ ዓይኑ ጠፋ የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ።

«ማን ነው ያለሽ?»

«ክላቭዲያ አክስቴ። ትራሟ ውስጥ አገኘችኝ።»

«ስለማያገባሽ ነገር አትጠይቂ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እሺ፣ የሚያገባኝን ልጠይቅ። የእኔ ተራ መቼ ነው? ቀኑን ብትነግሪኝ ሻንጣዬን ቀደም ብዬ አዘጋጃለሁ።»

በአፏ ጎበዝ ናት። እጄ ተነሣ። ተነሣ እንጂ አላረፈባትም፤ በሩ ላይ ነው ያረፈው፣ ከመስታወቱ ጋር። ስትወጣ ስብርባሪውን ተሻግራ፣ ጫማዋን ይዛ፣ ደረጃው ላይ ነው ያሰረችው። ሻንጣው ለካ ተዘጋጅቶ አልጋዋ ሥር ነበር። እጄን ክፉኛ ቆርጦኛል፣ የምጽፈው በግራዬ ነው። ልጄ። ልጄ ሆይ።

ፌብሩዋሪ 3

ሐኪሙን በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። ዘመድ ነኝ አልኩት።

«ቀኝ ዓይኑ ተስፋ የለውም» አለኝ። «ብርሃንና ጨለማም አይለይም።»

«አንዲትም?»

«ምን አንዲትም?»

የብርሃን ቅንጣት ማለቴ ነበር። ሰዓቱን አየና ሄደ።

ፌብሩዋሪ 11

ሁለተኛዋን መንትያ አስገባሁ። ቬኒያሚን ላዛሬቪች ከቲኾን ቤት ነው ያመጧት፤ ክላቭዲያ በሩን ሳትከፍት በመስኮት በኩል ነው የሰጠቻቸው፣ ልክ ለለማኝ እንደሚሰጥ።

ሹራቡን አውልቄ ሠራሁ። ሞቆኝ ነው። አምባሩን አሰርኩ፤ ሽማግሌው ቆመው ስለሚያዩኝ ነው፣ ደስ ይበላቸው ብዬ። እስኪጎዳኝ አጠበቅኩት። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ብሎኑ አምልጦኝ አምልጦኝ ገባ።

ትቆጥራለች። እንደ ጤነኛ ልጅ ነው የምትቆጥረው።

አጠገቧ ተቀምጬ ዋልኩ። አልጨፈርኩም፤ ብቻውን የሚጨፍር ዕብድ ነው። ቬኒያሚን ላዛሬቪች «ደህና ናት?» ይላሉ፣ «ደህና ናት» እላለሁ፣ ደግመው ይጠይቃሉ።

ፌብሩዋሪ 18

ለታሲያ ስልክ ደወልኩ። አባቷ አነሣው። «ቤት የለችም» አለኝ። ከኋላው ድምጿን እሰማለሁ።

ቲኾን ከሆስፒታል ወጥቷል። ለኮሚሽኑ ይመጣል ይላሉ፤ ቺፑን የሠራው እሱ ስለሆነ ይጠየቃል። ከመጣ ምን እለዋለሁ? በአፌ ላይ ብዙ ነገር አለ። «አንተም እኮ» የሚል ይጀምርና ይቆማል። ሌላ መጀመሪያ አጣሁ።

የጋኑ ሂሊየም ይበቃል። ሶፋው አሁንም በራችን ላይ ነው፤ ዘበኛው ምሳ በልቶ ይተኛበታል። እኔን ሲያይ ይነሣል።

ፌብሩዋሪ 21

መጡ። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ምክትሉ ከኋላቸው፣ ፊቱን ያየ ቀብር ላይ ያለ ይመስለዋል፤ የሚቀበረው እሱ መስሎት ሳይሆን እኛ መስሎት።

ቲኾን ከእነሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ከስቷል። ክላቭዲያ በክንዱ ይዛ እስከ በሩ አደረሰችው፤ እኔን ስታይ ወደ ውስጥ አልገባችም፣ ኮሪደሩ ላይ የተቀደደው ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ነበር። እሱ ጭንቅላቱን ወደ እኔ አዞረ፤ አሁን ለማየት ሙሉ ለሙሉ መዞር አለበት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ሪማ አርካዲየቭና» አለኝ። «እንዴት ከረሙ?»

እኔን ነው። ስንት ዓመት አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው። ቢመታኝ እችለው ነበር፣ በእግዚአብሔር፣ ቆሜ እቀበለው ነበር። «ደህና» አልኩ። «ደህና ከረምኩ።»

መብራት አጠፋን። ቬኒያሚን ላዛሬቪች አስረዱ። ብርሃኑን አወረድኩት፣ አወረድኩት፣ ሰው ከዚህ በታች ብርሃን የለም እስከሚልበት ድረስ። ጠቅ። ሰብሳቢው መሳቁን ተወ። ጠቅ፣ ጠቅ። «ዝጊው» አለኝ፣ ዘጋሁት፣ ጸጥ አለ። «ክፈቺው።» ጠቅ። ደጋግሞ አስዘጋኝ፣ አስከፈተኝ፤ ልጅ መጫወቻ እንዳገኘ። መብራት ሲበራ ወደ ምክትሉ ዞረ።

«እንግዲህ ሶፋህን ሌላ ቤት ፈልግለት» አለው።

ተረፍን። ቬኒያሚን ላዛሬቪች ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ። ቲኾን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ለዚህ ነው ያ ሁሉ የሆነው፤ ተረፈልን፣ እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ የነበረው «እንዴት ከረሙ» ነው።

ሰብሳቢው ሊሄድ ብሎ ተመለሰ። «ሽቦዋን ላያት አልችልም?» አለ። ጋኑ ውስጥ ያለችውን ማውጣት አይቻልም። ከሞቱት አንዷን ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀምጬ ነበር፤ አሮጌው ማይክሮስኮፕ ነው፣ በአንድ ዓይን ብቻ የሚያሳየው። ሰብሳቢው «ሠሪው ራሱ ያሳየን እንጂ!» ብሎ የቲኾንን ጀርባ መታ መታ አደረገ።

ቲኾን ጥቁር መነጽሩን አወለቀና ጎንበስ አለ። ሃያ ዓመት ሲያደርግ እንደኖረው ቀኝ ዓይኑን መመልከቻው ላይ አደረገ። እጁ ማስተካከያው ላይ አረፈ። አላዞረውም። እንደዚያው ጎንብሶ ቆየ። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ሲተነፍስ ከፍ ይልና ይወርድ ነበር፣ ከዚያ መተንፈሱን ተወ። ቬኒያሚን ላዛሬቪች ፊታቸውን አዞሩ።

«ምነው፣ ጠፋችብህ እንዴ?» አለ ሰብሳቢው እየሳቀ።

ቲኾን ቀና አለ። በግራው አልሞከረም። መነጽሩን ቀስ ብሎ አደረገ።

«መብራቱ ነው» አለ። «ሪማ አርካዲየቭና፣ እባክዎ እርስዎ ያስተካክሉላቸው።»

ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሽቦው፣ መጣጠፉ፣ የተቃጠለችው ቦታ ሳትቀር። ምንም የሚስተካከል አልነበረም። ሰው ሁሉ ያየኛል። ማስተካከያውን ትንሽ አዞርኩና ወደነበረበት መለስኩት።

«አሁን ይታያል» አልኳቸው።